የዛገ የቧንቧ መገጣጠሚያን ስለ መፍታት

(በወልቂጤና በቡታጅራ ለተሰበሰቡ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



ስለ ውሃ በተሰበሰብን ቁጥር የምንነጋገረው ስለ ጉድጓድ ቁፋሮ፣ ስለ ምንጭ ማጎልበትና ስለ ትልልቅ ማጠራቀሚያዎች ነው። ዛሬ ግን ከአውራ ጣት እምብዛም ስለማይበልጥ ነገር ልንናገር መጥተናል፤ ቧንቧ ከቧንቧ ስለሚያያዝባት ጥርስ። በየአጥቢያው ስንዘዋወር ያየነው፣ ብዙ ወጪ የወጣበት መስመር የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከዚያች ሥፍራ ላይ መሆኑን ነው። የሚበላሸውም በራሱ አርጅቶ ብቻ አይደለም፤ ለመጠገን ስንታገለው እኛው እንሰብረዋለን።

ነገሩን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ሥራ ወደ አንድ አጥቢያ ሄደን ሳለ፣ ከቤተ ልሔሙ ደጃፍ ያለች አንዲት ቧንቧ እንደምታንጠባጥብ አባቶች ነገሩን። ቀኑ መስከረም 14 ነበር። ለደመራ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ከአዲስ አበባና ከየከተማው መስቀልን ከወላጆቻቸው ጋር ለማሳለፍ የሚመለሱ ልጆች ግቢውን መሙላት ጀምረዋል። የግማሽ ሰዓት ሥራ መስሎን መፍቻ ያዝን። ቧንቧዋ ከግድግዳው ከሚወጣው ብረት አልላቀቅ አለች። ያን ጊዜ ያደረግነው የቸኮለ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ በመፍቻው እጀታ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን ብረት ሰክተን ሁለት ጎልማሶች ተንጠለጠሉበት። ጥቂት ዞረች። «ተፈታ!» ብለን ደስ አለን። የዞረው ግን በግንቡ ውስጥ የተቀበረው አሮጌ መስመር ነበር፤ ከጥርሱ ሥር ተቆርጦ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ይወርድ ጀመር። ወደ ዋናው መዝጊያ ሮጥን። እርሱም ከተተከለ ጀምሮ ተዘግቶ የማያውቅ ስለነበር አልዞር አለን። 5,000 ሊትር የሚይዘው ሮቶ ባዶውን እስኪቀር ድረስ በባልዲ የቻልነውን ቀዳን፤ የከተማው ውሃ ፈረቃ ደግሞ ገና ነበር። በበዓሉ ቀናት የአብነት ተማሪዎች ጀሪካን ተሸክመው ከቦኖ ሲመላለሱ አየን። ማንም አልወቀሰንም፤ ይህም ይበልጥ ከበደን።

ከዚያ ወዲህ መፍቻ ከማንሣታችን በፊት መገጣጠሚያው ለምን እንደያዘ እንጠይቃለን።

በአሮጌ ግቢዎች ያለው መስመር በአብዛኛው ዚንክ የተለበጠ የብረት ቧንቧ ነው። ዚንኩ ብረቱን ከዝገት ይጠብቀዋል። ሠራተኛው ግን ቧንቧውን ቆርጦ ጥርስ ሲያወጣለት ዚንኩን አብሮ ይልጠዋልና፣ ጥርሱ ከመላው ቧንቧ ይልቅ ራቁቱን የቀረ ክፍል ይሆናል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በወንዴውና በሴቴው ጥርስ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ሲያብጥ ሁለቱን እንደ ሽብልቅ ያጣብቃቸዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞች ነገሩ ይብሳል፤ መስመሩ አንድ ጊዜ ውሃ፣ አንድ ጊዜ አየር ስለሚሞላው ዝገቱ እርጥበትንም አየርንም በየተራ ያገኛል። የናስ ቧንቧ በቀጥታ በብረት ላይ ሲታሰርም ከሁለቱ ብረቱ ቶሎ ይበላል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቁጥሮችን ብንጠቅስ አይከፋም፤ የመሰበሩን ምክንያት ያሳያሉና። «ግማሽ ኢንች» የምንለው ቧንቧ በውጭ በኩል ሲለካ 21 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። (ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስያሜው ከጥንቱ የቧንቧ የውስጥ ስፋት የቀረ እንጂ ዛሬ በሜትር ብትለኩት የትም አታገኙትም።) መካከለኛ ደረጃ ያለው ቧንቧ ግድግዳው 2.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ጥርሱ ሲወጣ ከዚህ ላይ 1.16 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆረጣል። እንግዲህ አዲስ ሆኖ እንኳ በጥርሱ ሥር የሚቀረው ብረት 1.5 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሃያ ዓመት ዝገት ከውስጥ ሲበላው ምን እንደሚተርፍ መገመት አያዳግትም። እኛ በአንድ ሜትር ማራዘሚያ የተንጠለጠልነው በዚህች ቅጠል ላይ ነበር። በ30 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ የሚያርፍ የ20 ኪሎ ጉልበት፣ እጀታው 90 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሦስት እጥፍ ሆኖ ቧንቧውን ይጠመዝዛል። ማራዘሚያ የያዘ ሰው ጥንካሬው ስለማይሰማው መቼ ማቆም እንዳለበትም አያውቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መዝጊያውን መፈተሽ ነው። የሚፈታውን ነገር ሳትነኩ በፊት ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ወይም ከሮቶው የሚወጣውን መዝጊያ ዝጉና በግቢው ዝቅተኛ ሥፍራ ያለችውን ቧንቧ ክፈቱ። ውሃው ቀጥ ካለ መልካም ነው። ካልቆመ ሥራው ከዚያው ከመዝጊያው ይጀምራል፤ ሌላውን አትንኩ። የኤሌክትሪክ የውሃ ማሞቂያ ካለ አጥፉት። ከቆጣሪው ወዲያ በመንገዱ በኩል ያለው መስመርና ቆጣሪው ራሱ የከተማው የውሃ አገልግሎት ንብረት ነው፤ እዚያ ላይ ችግር ካለ ማመልከቻ ይጻፍ እንጂ መፍቻ አይነሣ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር ነው፤ መፍቻው ሁለት ይሁን። አንደኛው ሊፈታ የተፈለገውን ክፍል ያዞራል፤ ሁለተኛው ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ብረት ይዞ እንዳይንቀሳቀስ ያግደዋል። የማገጃው መፍቻ ሥራ የሚመስል ነገር አይሠራም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። ነገር ግን ጉልበቱ በሁለቱ መፍቻዎች መካከል ባለችው አንዲት መገጣጠሚያ ላይ ብቻ እንዲቀር የሚያደርገው እርሱ ነው። እርሱ ከሌለ ጉልበቱ ወደ ግድግዳው ውስጥ ይሄድና በመንገዱ ካሉት ጥርሶች ሁሉ ደካማውን ፈልጎ ይሰብራል። በዚያ አጥቢያ ሁለተኛ መፍቻ በመኪናችን ውስጥ ነበረ። ለማምጣት ሰነፍን።

የቧንቧ መፍቻ የሚነክሰው በአንድ በኩል ሲዞር ብቻ ነው፤ ወደ አፉ በኩል ስትስቡት ይይዛል፣ በተቃራኒው ስትገፉት ይንሸራተታል። ስለዚህ ሁለቱ መፍቻዎች አፋቸው በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲሆን ይደረጋል። በሚፈታው ክፍል ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከገንዳ በታች ተጋድመው በተቃራኒ በኩል ሲያዩት ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሊፈታ ያሰበውን እያጠበቀ ይሰብረዋል። በጠመኔ ቀስት መሣል አያሳፍርም።

በዚህም ካልተፈታ ጉልበት አይጨመርም፤ ጊዜ ይጨመራል። ዝገት የሚያስገባ ዘይት፣ ለምሳሌ ደብሊው ዲ ፎርቲ፣ በመገጣጠሚያው ከንፈር ዙሪያ ይረጫል። እርሱ በሌለበት ጋራዥ ያሉ ወንድሞቻችን ነጭ ጋዝ ይጠቀማሉ፤ ይሠራል። ቁም ነገሩ ሌሊቱን ማሳደር ነው። ማታ ረጭቶ፣ ከመተኛት በፊት ደግሞ ረጭቶ፣ ጧት መምጣት። ዘይቱ በዝገቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚሰርገው በቀስታ ነውና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ወደ ማራዘሚያው ይመለሳል። ጧት ከመፍታት በፊት መገጣጠሚያውን በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ ምቱት፤ በተቃራኒው በኩል ሌላ ከባድ ብረት ደግፋችሁ ይሁን። ምቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፣ ዘይቱም መንገድ ያገኛል። ዓይን ይጠበቅ፤ የዝገት ፍርፋሪ ወደ ላይ ለሚያይ ሰው ዓይን መውደቁን እናውቃለን። ከዚያ አስቀድሞ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው በኩል፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው በኩል እየመላለሱ መነቅነቅ ይገባል። መጀመሪያ ማጥበቅ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የዝገቱን ትስስር የሚያላቅቀው ያ ትንሽ ንቅናቄ ነው። ውሃው ለመጠጥ የሚሆን ስለሆነ ሥራው ካለቀ በኋላ የዘይቱ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ የመጀመሪያው ውሃ ይፈስሳል።

እሳትን በተመለከተ ተጠንቅቀን እንናገር። ሙቀት ይረዳል፤ የውጭው ሴቴ ክፍል ከውስጠኛው ቀድሞ ሲሞቅ ጥቂት ይሰፋልና። ምን ያህል ይሰፋል? የ21 ሚሊ ሜትር ብረት በ200 ዲግሪ ቢሞቅ የሚጨምረው አንድ ሃያኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከወረቀት ያነሰ። የዝገትን ትስስር ለማላቀቅ ግን ይበቃል። የሚሞቀው ውጪው ብቻ፣ በፍጥነት ይሁን። በሁለት በኩል ተዘግቶ ውሃ የያዘ ቧንቧ ግን ፈጽሞ እሳት አይነካውም፤ ውሃው ወደ እንፋሎትነት ሲለወጥ ቧንቧው ይፈነዳል። ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ የተቀባ ነገርም እንዲሁ። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጢስ ትኩሳት ያመጣልና በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሞከር። በቤተ መቅደሱም ሆነ በዕቃ ቤቱ አጠገብ፣ መጋረጃና የእንጨት ሥራ ባለበት፣ እሳት አይታሰብም። በእነዚህ ሥፍራዎች ጨርቅ ጠቅልሎ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ይሻላል። (ወልቂጤና ቡታጅራ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለእጅ ግን ያው ይፋጃል።)

አንዳንድ ጊዜ የያዘው ዝገት አይደለም። ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ ውስጡን ተመልከቱ፤ ነጭ ቅርፊት ከያዘ የምትጠጡት ውሃ ኖራ አዘል ነው፤ ያው ቅርፊት በመታጠቢያው ቧንቧ አንገት ላይም አለ ማለት ነው። ለዚህ ዘይት አይጠቅምም። አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ የነከረ ጨርቅ ለጥቂት ሰዓታት ጠቅልላችሁ ተዉት። አረፋ ካወጣ ኖራ ነው፤ ሟሙቶ ይለቃል። ከዚያ በውሃ ይታጠብ፤ አሲዱ በናሱ ላይ ብዙ መቆየት የለበትም።

ፕላስቲክና ጎማ ሌላ ባሕርይ አላቸው፤ ለብረት የተናገርነው ለእነርሱ አይሆንም። ነጭ ጋዝና ዘይት ጎማን ያሳብጡታል፣ ያበሰብሱታልም። ከገንዳው በታች ያለው ተጣጣፊ ጎማ ቢጣበቅ ሙቅ ጨርቅ በቂ ነው። ፍሬው ከቀጭን ናስ የተሠራ ስለሆነ በትልቅ መፍቻ ከጨመቃችሁት ይሰነጠቃል፤ የሚሰነጠቀውም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰዓት ሳይሆን ሌሊት ሰው በሌለበት ነው። በቦኖም ሆነ በግቢ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ከብረቱ ላይ አልወጣ ሲል መጎተት ጎማውን ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ ሲሳብ ይጠብባልና። ጫፉን ሙቅ ውሃ አፍስሳችሁበት እያዞራችሁ ግፉት፤ ካልሆነ በቢላ በርዝመቱ ሰንጥቁት፤ የጎማ ሁለት ጣት ርዝመት ቢቀንስ ብረቱን ከመቧጨር ይሻላል። የትልልቁ ጥቁር ፕላስቲክ ቧንቧ ፍሬ በአሸዋ ምክንያት ሲይዝ በውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ተጠምጥሞበት በእጅ ይዞራል። በሙቀት የሚበየደው ፒፒአር ግን አይፈታም፤ የሚፈታው የናስ ጥርስ ያለው ክፍል ብቻ ነው። እዚያም ማገጃው መፍቻ ፕላስቲኩን ሳይሆን ናሱን መያዝ አለበት፤ አለዚያ ናሱ ከፕላስቲኩ ውስጥ ተነቅሎ ይዞራል።

ይህን ሁሉ አድርገን እንቢ ሲልስ? መቁረጥ አለ። ብዙ ሰው መቁረጥን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል፤ እኛ ግን በዕውቀት የቆረጠን ሠራተኛ በጉልበት ከሰበረው እጅግ እናከብረዋለን። በሴጌቶ የውጭውን ክፍል ብቻ በርዝመቱ ትቆርጡታላችሁ፤ የውስጡን ጥርስ ለመንካት ጥቂት ሲቀር ታቆሙና በተቆረጠው ውስጥ ካቻቢቴ አስገብታችሁ ትከፍቱታላችሁ። የሚጣለው የሚገዛው ርካሽ ክፍል ይሆናል፤ በግንቡ ውስጥ ያለው ይተርፋል። በነገራችን ላይ እነዚህን ቃላት ከሱቅ ስትጠይቁ አትፈሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ ካስገባ ወዲህ ሙያው ከውጭ የመጣ ነውና፣ ስሞቹም በብዛት ከጣልያኖች ቀሩልን። ጎሚቶ የምንለው በቋንቋቸው ክርን ማለት ነው፤ ቅርጹን ላየ ሰው የተገባ ስም ነው።

ስትመልሱ ደግሞ ከእናንተ በኋላ የሚፈታውን ሰው አስቡት። ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። ቴፍሎን በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠመጠማል፤ ጥርሱ ይሸፈን፣ ቅርጹ ግን ይታይ። ቃጫና ቀለም የሚጠቀሙ አሮጌ ባለሙያዎች አሉ፤ ውሃ ይይዛል፣ ነገር ግን ቀለሙ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናልና ለሚቀጥለው ሰው መከራ ነው። በየመስመሩ መካከል አንድ ዩኒየን ቢገባ መላውን ሳይቆርጡ አንዱን ክፍል ማውጣት ይቻላል። ዋጋው ከአንድ ቀን የሠራተኛ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ጨረታ ስታወጡ በዝርዝሩ ውስጥ አስገቡት።

ለሰበካ ጉባኤያት የምናሳስበው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስለ ጊዜ ነው። በንግሥ ዋዜማ፣ በደመራ ሰሞን፣ በጥምቀት ሳምንት ምንም ዓይነት መገጣጠሚያ አይነካ። የምታንጠባጥብ ቧንቧ ከሥሯ ባልዲ ተቀምጦላት እስከ በዓሉ ማግሥት ትቆይ። የዋናው መዝጊያ ደግሞ በዓመት አራት ጊዜ ይዘጋና ይከፈት፤ እንዳይረሳ ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ጾመ ፍልሰታና ጾመ ነቢያት ሲገቡ ቢደረግ ቄሰ ገበዙ አይዘነጉትም። እስከ መጨረሻው ከተከፈተ በኋላ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይመለስ፤ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ነውና የሚጣበቀው። በዕቃ ቤት ሁለት የቧንቧ መፍቻ፣ አንድ ሴጌቶ፣ የሽቦ ብሩሽና ጥቂት ቴፍሎን ይኑር። ከሁለቱ መፍቻዎች አንዱን ጎረቤት ሲዋስ ሁለተኛውም አብሮት ይሂድ።

ከቡታጅራ የመጡት አባት ጧት የጠየቁን ጥያቄ ነበረ፤ «መዝጊያው ራሱ ከዛገና ውሃውን የምናቆምበት ሌላ ሥፍራ ከሌለስ?» ብለው። ከሮቶ ለሚመጣ መስመር ሮቶው እስኪጎድል መጠበቅ ወይም ውሃውን ወደ በርሜልና ጀሪካን ቀድቶ ማቆየት ነው። ከከተማው ለሚመጣ መስመር ፈረቃው የሚቋረጥበትን ቀን መምረጥና የውሃ አገልግሎቱ ባለሙያ በመንገዱ በኩል እንዲዘጋ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ያን ጊዜ ዘይቱን ከሦስት ቀን በፊት ጀምራችሁ በመዝጊያው እጀታ አንገት ላይ አድርጉ። እጀታውን በመፍቻ አትጠምዝዙት፤ በውስጡ ያለው ዘንግ ቀጭን ነው፣ ከተቆረጠ መዝጊያው ተከፍቶ ይቀራል።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ። ከአሮጌ መስመር የተቆረጠ፣ ሦስት መገጣጠሚያ ያለበት ቧንቧ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ በሞርሳ ታስሯል። ትናንት ማታ ሁለቱን ዘይት ቀብተን አሳድረናቸዋል፤ ሦስተኛውን ሆን ብለን ደረቁን ትተነዋል። ወጣቶቹ በደረቁ ይጀምሩ።